ውሃዬን አልጠጣም ያለችኝ ልጅ

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ውሃዬን አልጠጣም አለችኝ።

የራያን ቆላ በግንቦት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከሮቢት መኪና መንገድ እስከ ቤታችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለውም። ልጅቷ ያን ሁሉ በፀሐይ መጥታ፣ ሻሿ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ ደርቆ በራችን ላይ ቆማለች። እኔም እንግዳ አክባሪ ነኝ ብዬ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዳሁና በሁለት እጄ ዘረጋሁላት።

«አልጠጣም። አላህ ይስጥልኝ» አለች።

«ኧረ ጠጪ! ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አልጠጣም።»

እናቴ ዚነት ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«ምነው ልጄ? የገዳይ ቤት ውሃ ይጎመዝዛል ብለውሽ ነው?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የእናቴን እጅ ሳመች።

«አይደለም እማ፣ አፉ ይበሉኝ። ሥራዬ ነው።»

«ውሃ አለመጠጣት ነው ሥራሽ?» አልኳት እኔ፣ ንዴቴን መደበቅ አቅቶኝ።

«አንዱ እሱ ነው» አለችና በደረቀው ከንፈሯ ፈገግ አለች።

እውነቱን ልናገር? ተናድጄ ነበር። ግን ያ ፈገግታ ከንዴቴ ጋር አብሮ ገባና ሳይወጣ ቀረ።

ስሜ ውዱ ነው። የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ከዋጃ እስከ ሮቢት ያለ ገበሬ ሞተሩ ሲቆምበት «ውዱን ጥሩልኝ» ነበር የሚለው። እሷ በ1999 ዓ.ም. በራችን ላይ ስትቆም ግን ሞተር ከነካሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ከቤት አልወጣም። ደመኛ ነበርኩ።

በእኛ አገር በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በየተራ እየጠለፍን ማሽላችንን እናጠጣለን። በ1997 ክረምት ታናሽ ወንድሜ ዘካሪያስና ጎረቤታችን ታደሰ በውሃ ተራ ተጣሉ። ዘካሪያስ በዱላ መታው። ታደሰ አልተነሳም። እኛ እስላም፣ እነሱ ክርስቲያን ነን፤ ጠቡ ግን የሃይማኖት አልነበረም፤ የውሃ ነበር። ዘካሪያስ ተፈርዶበት ታሰረ። ሆኖም ዳኛ ስለፈረደ ብቻ ደም አይደርቅም። የታደሰ ወንድም ጠመንጃ አንግቶ ደሙን ሊመልስ የሚፈልገው ታላቅየውን፣ እኔን ነበር። እነሱ በሚሄዱበት መንገድ አልሄድም፤ እነሱ በሚውሉበት የቆቦ ገበያ አልውልም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ታደሰ ጓደኛዬ መሆኑ ነበር። ያን ቀን ለልጅቷ ውሃ የቀዳሁባት ጣሳ እጀታዋ መዳብ ነው፤ ከተቃጠለ ሞተር ሽቦ ጠምዝዤ እኔው ነኝ የሠራሁላት። ሁለት ነበር የሠራሁት። አንዷን ለእናቴ ሰጠሁ፤ አንዷን ለታደሰ።

ልጅቷ ሰልዋ ትባላለች። የቆቦ ልጅ ናት። እናቷ ዱበርቲ ናቸው፤ ጠብ ያለበት ቤት እየሄዱ ዱዓ የሚያደርጉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሴት። ሰልዋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ግጭትና ስለ እርቅ ተምራ ስትመለስ፣ ዘወልድ ከሚባሉት የራያ አስታራቂ ሽማግሌዎች ጋር ልሥራ አለች። ሰው ሳቀባት። «ሴት ደም ታደርቃለች?» አሉ። የሽማግሌዎቹ መሪ አያ ገብረ ማርያም ግን «እናቷን አውቃለሁ፤ ትቀመጥ» አሉና ወንበር ሰጧት። የመጀመሪያ ሥራዋ የእኛ ደም ነበር። እሷ ካቃታት ከእንግዲህ ማንም ሴት እዚያ ወንበር ላይ እንደማትቀመጥ ሁሉም ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

እየተመላለሰች መጣች። አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት የታደሰ አባት አያ አራጌ ዘንድ። በመጣች ቁጥር ውሃ አቀርባለሁ፤ በመጣች ቁጥር አልጠጣም ትላለች። የራሷን ውሃ በትንሽ ጀሪካን ይዛ ትመጣለች። ሽማግሌ በደመኛ ቤት እህል እንደማይቀምስ አውቃለሁ። ግን ውሃ? ውሃ እንኳ?

አንድ ቀን ደጃችን ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ደብተሯን ገለጠችና ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀችኝ።

«ታደሰ ይናፍቅሃል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ደሙ እንጂ ስለ ታደሰ ያወራኝ አልነበረም። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰልዋ ጠበቀችኝ። አይዞህ አላለችም፣ አታልቅስ አላለችም።

«ተራው የማን ነበር ውዱ?» አለችኝ ሲወጣልኝ።

«የኛ» አልኳት። ዓይኔ ግን መሬት መሬት አየ።

ደብተሯን ከደነች።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም። መልሱን ለኔ መስጠት የለብህም። ግን ለሚገባው ሰው የሰጠኸው ቀን ደሙ ይደርቃል።»

እንዲህ ያለች ሴት እንዴት አይወደድ? ነሐሴ ላይ አቃተኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ልትሄድ ስትነሳ አመለጠኝ።

«ሰልዋ…»

«ወይ?»

«እኔ አንቺን…»

«ውዱ፣ አትጨርሰው!»

«ወድጄሻለሁ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዞረች።

«ይህን ቃል ዳግም እንዳትለኝ። ስለ አላህ ብለህ!»

ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር እግሯ ቤታችንን አልረገጠም። በእሷ ቦታ የሚመጡት አያ ገብረ ማርያም ሆኑ።

«ሰልዋስ አያ?» እላለሁ።

«ወዲያ ማዶ ሥራ ይዛለች» ይሉኛል።

ገባኝ አልኩ። የገዳይ ወንድም! ውሃዬን የተጸየፈች ልቤን ትፈልጋለች? «ምን ብዬ ነው እንዲህ የተመኘሁት?» እያልኩ ከራሴ ጋር ስጣላ ከረምኩ።

ጥቅምት ላይ የእርቁ ጉባኤ ተጠራ። ቦታው ከጎሊና ወንዝ ዳር ነው። የሟች ወገን ከትልቁ ሾላ ሥር ይቀመጣል። እኛ ከአሸዋው ማዶ፣ ከገደሉ ጀርባ። ደም ሳይደርቅ ፊት ለፊት አንተያይም፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው ቃል የሚያመላልሱት። ጠመንጃዎቹ ሁሉ ራቅ ብሎ ካለው ግራር ሥር ተከምረዋል። እኔ አንገቴን አሾልኬ አያለሁ። ከሽማግሌዎቹ መሐል ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት።

ሁለት ቀን አለፈ። አያ አራጌ «አልታረቅም» አሉ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ እንደ እሳት ወረደች። የታደሰ እናት እትዬ የሺ እያለቀሱ ድምፃቸው ሲዘጋ፣ ሰልዋ ጀሪካኗን አንስታ እስከ መጨረሻው እሳቸውን አጠጣች። ለራሷ ጠብታ አላስቀረችም። ቆይታ ወደ እኛ ልትሻገር ስትነሳ ተንገዳገደች። የሾላውን ግንድ ይዛ ቆመች።

አላስችለኝ አለ። እናቴ ከቤት ያመጣቻትን ጣሳ ሞላሁ። ከሁለታችንም ወገን ያልሆነች ማሚቴ የምትባል ጎረቤት ነበረች፤ ከወዲያ ወዲህ ስትላላክ የዋለች።

«ማሚቴ፣ ይችን ለሰልዋ ስጪልኝ። ከኔ ነው እንዳትዪ።»

ጥም እንዳይገድላት ብዬ ነው። ግን ውሸት ምን ያደርጋል? ልቤ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እንኳ ውሃዬን እንድትጠጣልኝ ፈልጌ ነበር።

ዓይኗ ጨልሞባት ስለነበር ማሚቴ ከንፈሯ ላይ ስታደርስላት ጠጣች። እስከ መጨረሻው ጠጣች። እኔ ከገደሉ ጀርባ ደስ አለኝ። ሞኝ!

እትዬ የሺ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«ይቺ ጣሳ! ይቺን ጣሳ አውቃታለሁ! እህቷ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች! ልጄ የሚጠጣባት…»

አያ አራጌ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ገብረ ማርያም! አስታራቂያችሁ ከገዳይ ቤት ጠጣች! እንግዲህ ምን እርቅ አለ?»

ሰው ሁሉ ተነሳ። የታደሰ ወንድም ወደ ጠመንጃዎቹ ሮጠ። ከኋላ አንዱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ! ብለናችሁ አልነበረም?» ብሎ ጮኸ።

ሰልዋ ጣሳዋን አየቻት። የመዳቡን እጀታ በጣቷ ዳሰሰች። ያን ጊዜ ገባት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማሚቴ ናት የሰጠችኝ» ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? አላለችም።

«ጠጥቻለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ከየት እንደመጣ አላወቅሁም፤ ግን ጠጥቻለሁ። አያ አራጌ፣ እናቴ ያስተማረችኝ ደም እስኪደርቅ ከሁለቱም ቤት ውሃ እንኳ እንዳልቀምስ ነው። ለርስዎም በዚያው ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌ ተሰብሯል። ወንበሩን ለቅቄያለሁ።»

ደብተሯን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች።

የአምስት ወር ልፋቷ! የሷ ብቻ አይደለም፤ ከሷ በኋላ የሚመጡት ሴቶች ወንበር ጭምር! በኔ አንዲት ጣሳ ፈረሰ። ተነሳሁ። እናቴ ሽርጤን ያዘች።

«ውዱ! ይገድሉሃል!»

«እማ፣ ልቀቂኝ።»

ዱላዬን ጣልኩ። ከወንዙ አሸዋ ላይ ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው አንገቴ ላይ ተሸከምኩ። ከዚያ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደመኞቼ ፊት ሄድኩ። አያ አራጌ እግር ሥር ስደርስ ተንበረከክሁ። ከኋላዬ የጠመንጃ ቃታ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ! በእግዚአብሔር ገዝቻለሁ!» አሉ አያ ገብረ ማርያም።

«ይናገር» አሉ አያ አራጌ።

«ውሃውን የላክሁት እኔ ነኝ አያ። እሷ አላወቀችም።»

«ለምን ላክህ?»

«ስለምወዳት።»

አያ አራጌ ቀስ ብለው ወደ ሰልዋ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ? እውነቱን ንገሪኝ።»

በቀላሉ «አልወደውም» ማለት ትችል ነበር። ወንበሯም ስሟም በዚያች አንዲት ቃል ይመለስላታል። እኔም ከልቤ «በይ! በይና ትረፊ!» እያልኩ ነበር።

«እወደዋለሁ አያ» አለች። «ነሐሴ ላይ ሲነግረኝ የሸሸሁት ስለማልወደው አልነበረም። እሺ ብለው ኖሮ የርስዎን እንባ በእኩል ዓይን ማየት አልችልም ነበር። ቤታቸው መሄድ ተውኩ። ግን ያን ቀን ወንበሩንም መልቀቅ ነበረብኝ፤ ሴት አትችልም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የማንም ሳይሆን የኔ ጥፋት ይሄ ነው።»

አየሽ ወይ ሰልዋዬ! እኔ ተጸይፈሽኝ ነው ብዬ ስከርም፣ አንቺ ለካ ስትወጂኝ ነበር የከረምሽው!

እሷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በራሷ ላይ መሰከረች። እኔስ? ከድንጋዩ ይልቅ ሌላው ሸክም ከበደኝ።

«አያ አራጌ፣ አንድ ነገር ይቀረኛል» አልኩ።

«ምን?»

«ያን ቀን ተራው የታደሰ ነበር።»

ከገደሉ ጀርባ የእናቴ ጩኸት ተሰማ። አላቆምኩም።

«ሁለት ዓመት ተራው የኛ ነበር እያልን ዋሸን። በፍርድ ቤትም፣ በሽማግሌም ፊት ዋሸን። ወንድሜ ነው በታደሰ ተራ የገባው። ታደሰ የሰው ውሃ አልነካም።»

እትዬ የሺ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ሰማችሁ? ልጄ ሌባ አልነበረም! ልጄ የሰው ውሃ ሌባ አልነበረም! እልል በሉልኝ!»

ሴቶቹ እያለቀሱ እልል አሉ። እንዲህ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም። ሰልዋም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች።

አያ አራጌ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአንገቴ አነሱት። ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ማንንም አላስነኩም። ራሳቸው አንስተው አሸዋው ላይ ጣሉት።

«እኔ ካሳ መች ፈለግሁ?» አሉ። «የፈለግሁት ይችን ቃል ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ደሙ ደርቋል።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ጠመንጃህን አስቀምጥ።»

አስቀመጠው።

ከዚያ ደብተሩን ከድንጋዩ ላይ አነሱና ለሰልዋ ዘረጉላት።

«ተቀመጪና ጨርሺው።»

«አያ፣ እኔ እኮ ለቅቄያለሁ…»

«በራሷ ላይ የምትመሰክር አስታራቂ ከየት አገኛለሁ? የታለ ያ "ሴት ብታውቅ" ያለው? ና እስቲ ውጣ! አንተ በራስህ ላይ አንድ ቀን መስክረህ ታውቃለህ?»

ሰውዬው ከሰው ጀርባ ተደበቀ። በዚያ ሁሉ እንባ መሐል ሰው ሳቀ። ሰልዋ ተቀመጠች፤ የእርቁን ቃል ጻፈች፤ ለሁለቱም ወገን አነበበች፤ በመስቀልም በቁርዓንም አስማለች። ድምጿ አንዴም አልተንቀጠቀጠም።

ሲያበቃ አያ አራጌ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«ግን ስሚኝ። ደሙ የደረቀው ገና ዛሬ ነው፤ ሰው አፍ ውስጥ አትግቢ። እስከ መጪው ጥቅምት ከዚህ ልጅ እጅ ውሃ አትጠጪም።»

«እሺ አያ።»

«አንተም አታቀርብም!»

«እሺ አያ።»

የዚያን ዓመት ርዝመት አትጠይቁኝ! ወደ ሞተሮቼ ተመለስኩ፤ ቆቦ ገበያ እንደ ልቤ ዋልኩ። አንድ ቀን ባጃጅ ላይ ተገጣጠምን። በእጄ ግማሽ የደረሰ የሃይላንድ ውሃ ይዣለሁ።

«ደብቀው!» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ውሃውን! ጠምቶኛል፤ አትፈትነኝ!»

ሹፌሩ ምን እንደሚያስቀን ግራ ገብቶት በመስታወቱ ያየን ነበር።

ጥቅምት ደረሰ። ቆቦ፣ የሰልዋ እናት ቤት ሽማግሌ ተላከ። ከፊት የቀደሙት ማን መሰሏችሁ? አያ አራጌ! ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከአያ ገብረ ማርያም ጋር። የሰልዋ እናት በር ላይ ሲያዩዋቸው አፋቸውን ያዙ።

«አራጌ! ለዚያ ቤት ልጅ የምትለምነው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ጎርፍ አንድ ልጅ ወሰደብኝ። ይሄኛውን ልዳር።»

የሰልዋ እናት እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ።

በሠርጋችን ቀን እትዬ የሺ ከእቅፋቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የታደሰ ጣሳ ነበረች። መዳቡን በአመድ ፈትገው አብለጭልጨውታል።

«ሦስት ዓመት ማንም አልጠጣባትም» አሉ። «በዚች አጠጣት።»

ቀዳሁ። እንደ መጀመሪያው ቀን በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ሰልዋ ተቀበለችኝ፤ ሳታቋርጥ ጠጥታ ጨረሰች። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፦

«ያን የግንቦት ቀን በጥም ሞቼልህ ነበር፤ ወላሂ!» አለችኝ።

ይሄው ስምንት ዓመታችን። ሁለተኛ ዲግሪዋን በዚሁ ሥራ ያዘች። ዋጃ በግጦሽ የተጣሉትን አስታረቀች፤ እስከ አፋር በረሃ ወርዳ በግመል የተጋደሉትን አስማማች። ያን ጊዜ አንድ ወንበር አጥታ የለመነችው ልጅ፣ ዛሬ ከሽማግሌዎቹ ጎን የሚቀመጡ አሥራ አንድ ሴቶች አሠልጥናለች። የመጀመሪያ ትምህርቷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ያጠፋሽውን ከሰው በፊት አንቺ ተናገሪ።» ገበያ ላይ ስሄድ ሰው «የሞተር ጠጋኙ» አይለኝም፤ «የሰልዋ ባል» ነው የሚለኝ። ደረቴን ነፍቼ «አቤት!» እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ኮርቻለሁ!

ለሥራ ስትወጣ ጀሪካኗን የምሞላው እኔ ነኝ። ዛሬም ደመኛ ቤት ውሃ አትቀምስም። ስትመለስ ደግሞ ውጤቱን ሳትናገር አውቃለሁ። እርቁ ካልሰመረ ዝም ብላ ገብታ ትተኛለች። ከሰመረ ከበር ጀምራ ትጣራለች።

ትናንት ከአራት ቀን በኋላ መጣች። አቧራ በአቧራ ሆናለች። እኔ ጓሮ ሞተር ፈትቼ እጄ በዘይት ተለውሷል።

«ውዱ!»

«ወይ!»

«ውሃ አምጣልኝ!»

እጄን ታጥቤ ገባሁ። ሁለቱ ጣሳዎች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የታደሰን አወረድኩላት።